የሮታሪ ሞተሩ ዋስ

ሐበሻ ሦስት ሆኖ በተቀመጠበት አገር ሁሉ አንደኛው አስታራቂ ነው። ሁለቱ ገና አልተጣሉ ይሆናል፤ እሱ ግን ተዘጋጅቷል። ጉሮሮውን ጠርጓል፣ ተረቱን መርጧል፣ ማን ቀድሞ እንደሚናገርና ማን ቀድሞ እንደሚያለቅስ በልቡ ወስኗል። የቀረው ጠብ ብቻ ነው፤ ጠብ ደግሞ በእኛ ዘንድ ጠፍቶ አያውቅም።

በአሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ፣ ከቻምበርስ ሮድ ግራና ቀኝ ባሉት አፓርታማዎችና ቤቶች ሁሉ፣ ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ናቸው። ማንም አልሾማቸውም፤ ስለዚህም ማንም ሊሽራቸው አልቻለም። ዴንቨር መሐል ባለ አንድ ሆቴል ረጅም ዘመን ሻንጣ ሲሸከሙ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። አሁን የሚሸከሙት የሰው ነገር ነው። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም፣ ባለ ሱቁም ታክሲ ነጂውም የሳቸው ግዛት ነው። ከመኪናቸው ኋላ የሚታጠፍ ወንበር ተለይቷቸው አያውቅም። “ቆሞ የሚያስታርቅ ሰው ለመሄድ የቸኮለ ነው” ይላሉ።

አሠራራቸው አንድ ነው። ገብተው ወንበራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። ነገሩን ከመስማታቸው በፊት ሁለቱንም ወገን “የሚሉትን እቀበላለሁ” ያሰኛሉ። እርቁ እስኪወርድ ድረስ በዚያ ቤት እህል አይቀምሱ፣ ውሃ አይጠጡ። ከዚያ ግራ ቀኙን ያዳምጡና “እኔ እርቅ እንጂ ፍርድ አላውቅም” ብለው ይፈርዳሉ። ፍርዱ ሁልጊዜ ግማሽ ግማሽ ነው። የተከራከረ ሰው ካጉረመረመ “ማን ሞተ?” ይሉታል። የሞተ ሰው ስለሌለ መልስ አይገኝም።

ሴንቴኒያል አካባቢ አንድ ባልና ሚስት በልጃቸው ስም ተጣልተው ነበር። አባት ናታን ይባል አለ፣ እናት ፍፁም ይባል አለች። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ጠዋት ናታን፣ ማታ ፍፁም እንዲባል አደረጉ። ልጁ ዛሬ በየትኛውም ሲጠሩት አይሰማም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ሀብቱና እንዳልክ የሚባሉ ጓደኛሞች ሥራ በዝቶባቸው ለብዙ ጊዜ ሳይገናኙ ቀሩ። እሳቸው ይህን በኩርፊያ ተርጉመው፣ ሁለቱንም አስጠርተው፣ ትከሻ ለትከሻ አሳስመው አስታረቋቸው። ሀብቱ “እንዳልክ ምን ብሎኝ ይሆን?” ብሎ መብሰልሰል ጀመረ፤ እንዳልክም እንደዚያው። በዚህ የተነሳ በእውነት ተጣሉና እንደገና መታረቅ ግድ ሆነ።

ወንድሙ የሚባል ሰው የእኚህን ሽማግሌ ፍርድ በገዛ እጁ ያውቀዋል። ድሮ አፓርታማ ሲኖር፣ ከጎረቤቱ ከምናሉ ጋር ጣሪያ ባለው አንድ ፓርኪንግ የተነሳ ተጣልተው ነበር። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ወንበራቸውን በሁለቱ መኪኖች መሐል ዘርግተው፣ የሙቀቱን ወራት ወንድሙ፣ የበረዶውን ወራት ምናሉ እንዲይዘው አደረጉ። ወንድሙ ያን ዓመት በረዶው እስኪያልፍ ድረስ ገና ሳይነጋ መስታወት ሲፍቅ ከረመ። ምናሉ ደግሞ ሐምሌ ላይ የጋለ ወንበር ላይ እየተቀመጠ ይጮህ ነበር። ሁለቱ አስታራቂያቸውን ሲያሙ ወዳጅ ሆኑ። ወንድሙ ግን ቂሙን አልተወም፤ “ሽማግሌ አይደሉም፣ መጋዝ ናቸው” ይላል።

ስለዚህ ባለቤቱ ሠርካዲስ ወጥ ቤት ቆማ በስልክ፣ “ጋሼ፣ እባክዎ ይምጡልኝ፤ አባትና ልጅ ሆድና ጀርባ ሆነውብኛል” ስትል በሰማ ጊዜ፣ ጋራዥ ውስጥ የያዘውን መፍቻ ጣለው።

“ማንን ነው የጠራሽው?” አለ ከበሩ ብቅ ብሎ።

“የሚመጣውን” አለች ሠርካዲስ። “እኔ ከአሁን በኋላ በእናንተ መሐል ቴክስት ሜሴጅ አልሆንም።”

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሙ ከኤርፖርት ዴንቨር ሆቴሎች ድረስ ሰው የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ልጁ ሊዲ ሃይስኩል ሳለች፣ አንድ ሰው ጓሮ ውስጥ ሣር የበቀለበት ጃፓን ሠራሽ መኪና አዩ። ወንበሩ ሁለት ብቻ ነው፤ ሞተሩ ሮታሪ ነበር፣ ያውም የሞተ። አስጎትተው ጋራዣቸው ውስጥ አስገቡት። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ የሚባለው ቀን ከቤተሰቡ ተሰረቀ። ሌላው ሰው ፓርክ ይሄዳል፤ አባትና ልጅ ግሪስ ተቀብተው፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ እየተከራከሩ፣ ብሎን ይፈታሉ። ወንድሙ በሕይወቱ ከእነዚያ ቅዳሜዎች የሚያስበልጠው ነገር አልነበረም፤ ይህን ግን ለማንም ተናግሮት አያውቅም።

አሁን ሊዲ ኢንጂነሪንግ ጨርሳ ሚሺገን ሥራ አግኝታለች። የፊታችን ሳምንት ካለፈ ትሄዳለች። ሞተሩ ደግሞ ተበትኖ ጠረጴዛ ላይ ተሰጥቷል።

ሮታሪ ሞተር ፒስተን የለውም። በፒስተን ፈንታ ጎናቸው ያበጠ፣ ባለ ሦስት ማዕዘን ሁለት ትልልቅ ብረቶች፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ክፍል ውስጥ ይሽከረከራሉ፤ ሮተር ይባላሉ። በየሮተሩ ሦስት ጫፎች ላይ ከአንድ ፍሬ ማስቲካ የማትበልጥ ስስ ነገር ትገባለች። አፔክስ ሲል፣ የጫፍ ማፈኛ፣ የሚሏት ናት። የክፍሉን ግድግዳ እየታከከች ትዞራለች፤ የሞተሩ እስትንፋስ የሚታፈነው በእሷ ነው። ካላፈነች ሞተሩ አይነሳም። ከተሰበረች ደግሞ ስባሪዋ ግድግዳውን ልጦት ይሄዳል። አባትና ልጅ ያን ግድግዳ በደህና ይዞታው ለማግኘት ስንት አገር ደውለዋል፤ ሌላ ቢሉት አይገኝም።

በጎኑ ሲል ተስማምተዋል። በማዕዘኑ ተስማምተዋል። ዘይቱንና ውሃውን በሚያፍኑት ቀለበቶችም ተስማምተዋል። አፔክስ ላይ ሲደርሱ ወንድሙ ለስላሳ ብረት አለ፣ ሊዲ ሴራሚክ አለች። ጠቡ የተነሳውም እዚያ ነው።

“ዳድ፣ አይረኑ ቶሎ ይበላል። ዩ ሃቭ ቱ እንደገና መክፈት” አለች።

“ይበላ! የተበላ ይተካል። ሴራሚኩ ሲሰበር ግን ቤቱን ይዞ ነው የሚሄደው። እዚህ ከፍ ያለ አገር ስለሆነ አየሩ ቀጭን ነው፣ ይምራል። ዝቅ ያለ አገር አየሩ ወፍራም ነው፤ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ያኔ ማን ሊምረው ነው?”

“ሁ ኬርስ አባውት ዝቅ ያለ አገር?”

ይቺ “ሁ ኬርስ” ወንድሙ ደረት ላይ አረፈች። እሱም ዝም አላለም፤ “ያገሩን መንገድ እኔ ነኝ የማውቀው፣ ዲግሪ መንገድ አያሳይም” አላት። ሊዲ ተናደደችና፣ “ወገብህ እንደዚህ ሆኖ ሞተር ልታወርድ ነው? ዩ ካንት ኢቭን ሊፍት ኢት!” አለችው። ወንድሙ የሰማው “አርጅተሃል” የሚል ብቻ ነው። መፍቻውን አስቀምጦ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ አባት ለልጅ፣ ልጅም ለአባት በቀጥታ አልተናገሩም። “ለአባትሽ ንገሪው” የሚባል ነገር በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም ነበር፤ ሠርካዲስ ግን “ማም፣ ቴል ዳድ” እና “ለልጅሽ ንገሪያት” ስታመላልስ እግሯ ቀጠነ። ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች፣ አንዱ ብረት አንዱ ሴራሚክ፣ በጠረጴዛው ግራና ቀኝ ተቀምጠው ይፋጠጣሉ። የልጅቱ መሄጃ ቀን እየቀረበ ነው፤ ወንድሙ ሌሊት እየተገላበጠ፣ እንደተኳረፉ ኤርፖርት ሲያደርሳት ይታየዋል። የሰው ሻንጣ ሲያወርድ በኖረበት በር ላይ የልጁን ሻንጣ ዝም ብሎ ሲያወርድ።

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ወንበራቸውን ይዘው ደረሱ። ነሐሴ ነው፣ የጋራዡ በር እንኳ ይፋጃል። ኮታቸውን ሳያወልቁ በመኪናው አፍንጫና በጠረጴዛው መሐል ተሰየሙ። ሠርካዲስ በረዶ ያለው ውሃ አቀረበች።

“ይቀመጥ” አሉ ብርጭቆውን ሳያዩ። “መጀመሪያ ቃላችሁን።”

ወንድሙ የበረዶ መፋቂያው ትዝ አለውና መፍቻውን በጨርቅ መወልወል ጀመረ። ሊዲ ግን ጣሪያውን እያየች “ፋይን፤ እቀበላለሁ” አለች። ከልጁ ማነስ የማይሆን ነገር ሆነበት።

“እኔም እቀበላለሁ” አለ ጥርሱን ነክሶ።

“እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። እውነተኛውን ንገሩኝ። ልጅቷ ባል ይዛ መጣች?”

“ኧረ ጋሼ!” አለ ወንድሙ። “በሲል ነው የተጣላነው።”

“ከሲሉ በፊትስ?”

“ከሲሉ በፊት ሌላ ሲል ነበር። በእሱ ተስማምተናል።”

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ በሥልጣን ዘመናቸው በመሬት፣ በጋብቻ፣ በዕድር ወንበር የተጣላ አስታርቀዋል፤ እንዲህ ያለ ግን አልገጠማቸውም። መነጽራቸውን አድርገው እጃቸውን ዘረጉ። ወንድሙ በአንዱ መዳፋቸው ላይ ብረቱን አኖረ፣ ሊዲ በሌላው ላይ ሴራሚኩን።

“እነዚህ ናቸው?” አሉ። “አንድ ጥርስ እንኳ አይፍቁም።”

“ጋሼ፣ የሞተሩ ነፍስ እነሱ ናቸው” አለ ወንድሙ።

“እሺ። አንተ ብረቱን የፈለግከው ለምንድን ነው?”

ወንድሙ አስረዳ። ብረቱ ለስላሳ ስለሆነ ክፉ ሲገጥመው ይጎብጣል እንጂ አይፈረካከስም። የወፈረ አየር ባለበት፣ በብርድ፣ በረጅም መንገድ፣ ሞተሩ ቢያጉረመርም እንኳ ሰውን ቤቱ ያደርሳል። ሲናገር ድምፁ ከፍ እያለ ሄደ፤ የግንባራቸው ላብ ኮታቸው ላይ የሚንጠባጠብባቸውን ሽማግሌ እያየ ውሃውን እንዲጠጡለት ሊለምን ትንሽ ቀረው።

“አንቺስ?”

ሊዲ እጇን አጣምራ ቆማለች። “ጋሼ፣ ሴራሚክ አይበላም። ሎንግ ታይም ይቆያል። አንዴ ከተዘጋ ተዘጋ፣ ማንም መክፈት የለበትም። ይሄ ሞተር ሄቪ ነው፣ ለሁለት ሰው ራሱ ሄቪ ነው። ብቻውን የሚያወርድ ሰው... ሂ ዊል ኸርት ሂምሰልፍ።”

ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ሁለቱን ሲሎች እያመዛዘኑ አንዴ አባትን አንዴ ልጅን አዩ። ስለ ሞተር የሚያውቁት ነገር ቢኖር ቁልፍ ሲዞር እንደሚጮህ ብቻ ነው። የጠየቁትም የማያውቅ ሰው ጥያቄ ነበር።

“መኪናው አንድ ነው። ወንበሩ ሁለት ነው። ሠርታችሁ ስትጨርሱ የሚነዳው ማን ነው?”

“እሷ ናታ!” አለ ወንድሙ።

“እሱ ነዋ” አለች ሊዲ፣ እኩል።

ውጭ ቻምበርስ ላይ አንድ ከባድ መኪና ፍሬን ሲይዝ ተሰማ። ወንድሙ ልጁን አየ፤ ስንት ጊዜ ሆኖታል ፊቷን በቀጥታ ካየ።

“እኔ? ሚሺገን?” አለች ሊዲ። “ዳድ፣ እኔ እኮ ላንተ ነው ያልኩት። እኔ ስሄድ... ቅዳሜ ብቻህን ስትሆን እንድትነዳው። ደግሞ ብቻህን እንዳትከፍተው።”

“ሚሺገን በረዶ ላይ ብትቆሚብኝስ?” አለ ወንድሙ። “ማን ይደርስልሻል? እንዳትቆሚ ብዬ እኮ ነው። ቢያነክስም ቤት ያደርስሻል ብዬ ነው።”

ስንት ቅዳሜ አንድ መኪና ሲሠሩ ከርመው፣ ማን ይወስደዋል ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እሱ ሲጀመር የእሷ መስሎት ኖሯል፣ እሷም የእሱ። ሠርካዲስ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወጥ ቤት ገባች፤ ለማልቀስ እንደሆነ ሁሉም አውቋል።

ሌላ አስታራቂ ቢሆን እዚህ ላይ ወንበሩን አጥፎ ይሄድ ነበር። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ግን ገና አልፈረዱም።

“መልካም” አሉ። “እኔ እርቅ እንጂ ፍርድ አላውቅም። ሮተሩ ሁለት ነው አላችሁኝ? በአንደኛው ብረት፣ በአንደኛው ይሄ ነጩ ይግባ። መኪናውም የበረዶውን ወራት አባት ጋ፣ የሙቀቱን ወራት ልጅ ጋ ይሁን። ግማሽ ግማሽ።”

አባትና ልጅ እኩል ጮሁ። ወንድሙ “ጋሼ፣ ሞተር እኮ እንጀራ አይደለም፣ አይቆረስም!” ሲል ሊዲ “ዩ ካንት ሚክስ ዘም! ዳድ፣ ንገራቸው!” አለች። ወንድሙ ነገራቸው። ክብደቱ አንድ አይደለም፣ አበላሉ አንድ አይደለም፣ ግድግዳውን የሚያሻሽበት መንገድ አንድ አይደለም። አንዱ የጀመረውን ዓረፍተ ነገር ሌላው እየጨረሰ፣ ጎን ለጎን ቆመው ተሟገቱ።

“ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል” አሉ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ።

“ጋሼ፣ አንዱ ቢሰበር ሌላውም አብሮ ነው የሚሄደው!” አለች ሊዲ።

“ቃላችሁስ?”

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወንድሙ ላብ አጠመቀው። ቃሉን ሊያፈርስ ዳር ደርሶ ነበር፤ ሽማግሌ ማዋረዱ ቢከብደውም ሞተሩን ማዋረዱ ባሰበት። ያቆመችው ሊዲ ናት። ሁለቱን ሲሎች ከሽማግሌው መዳፍ ላይ አንስታ ወጥ ቤት ገባች፣ በእናቷ የወጥ ቤት ሚዛን መዘነቻቸው፣ ስልኳ ላይ የሆነ ነገር አሰላች፣ ተመልሳ መጣች።

“ኢት ዊል ራን” አለች። “ደደብ ነው፣ ግን ይሠራል። ሜይቢ።”

“ሜይቢስ ከተሰበረ?” አለ ወንድሙ። “ያ ግድግዳ ከሄደ ሌላ የለም። ማን ነው ዋሱ?”

“እኔ ነኝ ዋሱ” አሉ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ። “መጀመሪያ ሲነዳ እኔ እቀመጥበታለሁ። ደግሞ ማን ሞተ?” ከዚያ እጃቸውን ወደ ብርጭቆው ሰደው ውሃውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት፤ ሠርካዲስ ጆጉን ይዛ ስትመጣ ጆጉንም።

ያ ሳምንት ወንድሙ ፈረቃ እየቀያየረ፣ ሊዲ ዕቃዋን ማሸግ ትታ፣ ሞተሩን ዘግተው መኪናው ላይ ገጠሙት። ብረቱ ፊተኛው ሮተር ላይ ይግባ ወይስ ኋለኛው የሚል ክርክር ሊነሳ ሲል ሠርካዲስ “ጋሼን ልጥራ?” አለች፤ ወዲያው ተስማሙ። ወንድሙ እያንዳንዷን ሲል ሁለቴ እየለካ አስገባ። ብሎን በፈታበት ዘመን ሁሉ እያወቀ የተሳሳተ ሥራ ሲሠራ ይህ መጀመሪያው ነው። ደስ ብሎትም ሲሠራው ይህ መጀመሪያው ነው፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ አስፈራው።

ሊዲ በምትሄድበት ቀን ዋዜማ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ዋሱ የክት ኮታቸውን ለብሰው መጡ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ራሳቸው ሲነዱ ብስክሌት እንኳ የሚቀድማቸው ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጽጌ “ቀበቶውን እሰሩላቸው፣ በር ላይ አይደገፉ” ብለው በስልክ አስጠንቅቀዋል።

ሊዲ ቁልፉን ስታዞር ሞተሩ ዞረ፣ አልነሳም። እንደገና ዞረ፣ አልነሳም። የቤንዚን ሽታ ጋራዡን ሞላው። ወንድሙ ጆሮውን ኮፈኑ ላይ ደግኖ የእያንዳንዱን ሮተር ትንፋሽ ይቆጥር ነበር፤ አንደኛው ይወፍራል፣ አንደኛው ይሳሳል። “አቁሚው” ሊል አፉን ሲከፍት፣ በነጭ ጭስ መሐል ሞተሩ አጓርቶ ተነሳ። ተንገዳገደ፣ ሊጠፋ ደረሰ፣ ያዘ። ድምፁ እንደ ተለመደው ሞተር አይደለም፤ የሚንተባተብ፣ ግን የማያቆም ሰው ይመስላል። ሠርካዲስ እልል አለች። ወንድሙ ግን አልሳቀም፤ መነሳትና መሄድ ለየብቻ ናቸው።

“ልጅ ትንዳ፣ ከዚያ አባት” አሉ ዋሱ፣ ወደ መኪናው እንደ ጉድጓድ ዝቅ እያሉ። ቀበቶውን ሊዲ አሰረችላቸው። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“ብዙ አታስጮኺው” አለ ወንድሙ በመስኮቱ። “ያንኳኳ ከመሰለሽ ወዲያው አጥፊው። ወዲያው!”

ሄዱ። ድምፁ ከግቢው ወጣ፣ ወደ ቻምበርስ ታጠፈ፣ ራቀ፣ ጠፋ። ወንድሙ መንገዱ ዳር ቆመ።

እስካሁን የሚጨነቀው ለብረቱ ነበር። አሁን ነው ሌላው የገባው። የበረዶውን ወራት አባት ጋ፣ የሙቀቱን ልጅ ጋ፤ መኪና ደግሞ በራሱ አይመላለስም። መጸው ላይ እሷ ታመጣዋለች፣ ጸደይ ላይ እሱ ያደርስላታል። ለስላሳው ብረት ሲበላ ሞተሩ መከፈት አለበት፤ ለመክፈት ደግሞ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። ሁሉም ሴራሚክ ቢሆን ኖሮ መኪናው እሱ ጋ ቀርቶ እሱ ብቻውን፣ ሁሉም ብረት ቢሆን ኖሮ እሷ ጋ ሄዶ እሷ ብቻዋን ነበሩ። ያቺ የማትረባ ግማሽ ግማሽ ፍርድ ነች ልጁን በየዓመቱ ወደ ጋራዡ የምታመጣለት። እንግዲህ ከተሰበረ የሚሰበረው ሞተር ብቻ አይደለም።

መኪናው አልመጣም። ብሎኩን ለመዞር የሚበቃ ጊዜ አለፈ፣ ሁለት ጊዜ ለመዞር የሚበቃም አለፈ። ስልክ ደወለ፣ ሊዲ አላነሳችም። ሠርካዲስ ከኋላው መጸለይ ጀመረች።

ከዚያ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስን አያቸው። ብቻቸውን፣ በእግራቸው፣ በቻምበርስ የእግረኛ መንገድ ላይ፣ ኮታቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው፣ አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቀስ ብለው ይመጣሉ። መኪናውም ልጅቷም የሉም።

ወንድሙ ሮጠ። ወገቡን ረሳው። አጠገባቸው ሲደርስ ትንፋሹ ተቆራርጦ፣ “ተሰበረ?” አለ። “ጋሼ፣ ልጄስ?”

“ምንም አልተሰበረም” አሉ ፊታቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። “ልጅህ ማደያው ጋ ቆማ እየጠበቀችህ ነው። ሞተሩን አታጥፊው ብያታለሁ።”

“ታዲያ እርስዎ ለምን ወረዱ?”

“ወንበሩ ሁለት አይደል? እኔ ግማሹን መንገድ ሄድኩ። ግማሹ ያንተ ነው።” ትንሽ ቆየት ብለው፣ “ደግሞ ሊያስመልሰኝ ነበር” አሉ።

ወንድሙ እጃቸውን ይዞ ሊስም ሲል ነጠቁት፤ “ሂድ፣ ሞተሩ ይግላል” አሉት። እሳቸው ስለ ሞተር የተናገሩት ትክክለኛ ነገር ይህ ብቻ ነው።

ማደያው ጋ መኪናው እየተንተባተበ ቆሟል። ሊዲ ከመሪው ተነስታ ጎን ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ትስቃለች።

“ስልክሽን ለምን አታነሺም?” አላት ሲገባ።

“ቤት ረሳሁት። ዳድ፣ ሊስን።” አዳመጡ። አንደኛው ሮተር ወፈር ብሎ፣ አንደኛው ሳሳ ብሎ፣ ሁለቱም ይተነፍሳሉ። “ኢት ሳውንድስ ሶ ስቱፒድ” አለች።

“በጣም” አለ ወንድሙ፣ እንባው ሳይመጣ ማርሹን እያስገባ።

መንገድ ላይ ሲወጡ ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ጥቂት ብቻ ተራምደው ነበር። ጥላ በሌለበት፣ ከፀሐይ በታች፣ አጭር ቁመታቸውን ይዘው። ወንድሙ ያን የበረዶ ወራት ሙሉ መስታወት እየፋቀ የረገማቸው ሰው እኚህ ነበሩ። አሁን ግን ወዷቸዋል፤ መውደዱን ሲያውቅም ገረመው። አጠገባቸው ዝግ አድርጎ መስኮቱን አወረደ። መኪናው ላይ ሊያሳፍራቸው ፈለገ፤ ወንበሩ ግን ሁለት ብቻ ነው፣ ሁለቱም ተይዘዋል።

“ጋሼ፣ በዚህ ፀሐይ እንዴት እንተዎት?”

ቆሙና ኮታቸውን ወደ ፊት፣ ወደ መንገዱ አወናጨፉት።

“ማን ሞተ?” አሉ። “ሂዱ!”

ወንድሙ ጥሩምባውን አንዴ ነፋላቸውና ማርሽ ቀየረ።